አንድ መዝገብ ለሠላሳ እጅ፤ በርቀት ትምህርት አንዱን ፕሮግራም በጋራ ስለ መሥራት

የሒሳብ አያያዝ በወሬ የሚማሩት ሙያ አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ዕዳው በየትኛው ዓምድ፣ ገቢው በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ በዓይኑ ያያል፤ ቀጥሎም ብዕሩን ተቀብሎ ራሱ ይጽፋል፤ ሲሳሳትም መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ነባር የንግድ ቤቶች ጸሐፊዎቻቸውንና ገንዘብ ያዦቻቸውን ያሠለጠኑት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ግን መዝገቡ ከወረቀት ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል፤ መምህሩ አዲስ አበባ፣ ተማሪው ድሬዳዋ ወይም ጎንደር የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በሁለት ከተማ ያሉ ሰዎች አንዱን መዝገብ በአንድ ጊዜ እያዩ፣ ብዕሩንም እየተቀባበሉ እንዴት ይሠራሉ?

ይህን ጥያቄ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሲመላለሱበት ኖረዋል። መልሱም አንድ ብቻ አይደለም፤ የተለያዩ አሠራሮች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ወጪ፣ የራሱም ጉድለት አለው። ሠራተኞቹን በርቀት ለማሠልጠን አገልግሎት የሚገዛ ነጋዴ፣ የሚከፍለው ለየትኛው አሠራር እንደ ሆነ ሳያውቅ ቢዋዋል ናሙናውን ሳያይ ቡና እንደ ገዛ ሰው ይቈጠራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የመምህሩን ድምፅና መልክ ወደ ሩቅ አገር ማድረስ ከሁሉ የቀለለው ክፍል ነው፤ ይህንንም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቀድመው ሠርተውታል። አስቸጋሪው መሣሪያውን ራሱን ማለትም የሒሳብ መዝገቡን፣ የሕንፃ ንድፉን ወይም የካርታውን ፕሮግራም በሁሉም ፊት አኑሮ ሁሉም እንዲነካው ማድረጉ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ዲሴምበር 9 ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተደረገ የኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ ዳግላስ ኤንገልባርት የተባለው መሐንዲስ አንድ ሺህ ያህል ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ይህን ነገር በዓይን አሳየ። ኤንገልባርት የተቀመጠው መድረኩ ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነበር። የስክሪኑ ሥዕል በማይክሮዌቭ ሞገድ ወደ አዳራሹ ሲመጣ፣ ከመድረኩ የሚነካው የፊደል ገበታና የማውስ ምልክት ደግሞ በመስመር ወደ ሜንሎ ፓርክ ይመለስ ነበር። በመካከሉም እዚያው ሜንሎ ፓርክ የነበረው የሥራ ባልደረባው ቢል ፓክስተን በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ሁለቱም አንዱን ጽሑፍ እያዩ፣ በየራሳቸው ጠቋሚ እያመለከቱ ተነጋገሩ። ይሁን እንጂ ጽሑፉን የመለወጥ ሥልጣን ለኤንገልባርት ብቻ ተጠብቆ ነበር፤ ፓክስተን ማመልከት እንጂ መጻፍ አልተፈቀደለትም። ብዕሩ በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር ከነገሩ ጋር አብሮ መወለዱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በትምህርት በኩል ቀዳሚው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር በ1960 ዓ.ም. የጀመረው ፕላቶ የተባለው ሥርዓት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በልዩ ልዩ ከተማ የተተከሉ ብዙ የተማሪ ስክሪኖች በስልክ መስመር ከአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው ነበር። መስመሩ በሴኮንድ 1,200 ቢት ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መስመር ሆኖ ሳለ ሥራው እንዴት እንደ ተሳካ ልብ ማለት ይገባል፤ ኮምፒዩተሩ የሚልከው ሙሉ ሥዕል ሳይሆን «ይህን ፊደል እዚህ ጻፍ፣ ከዚህ እስከዚያ መስመር አስምር» የሚል አጭር ትእዛዝ ነበርና። በዚሁ ሥርዓት ተማሪው ሲቸገር ረዳት ይጠራል፤ ሲፈቅድለትም ረዳቱ ከሩቅ ሆኖ የተማሪውን ስክሪን እንዳለ እያየ ይመክረዋል።

ከእነዚህ ጅምሮች የወጣው የመጀመሪያው አሠራር ማእከላዊ ሊባል ይችላል። መዝገቡ አንድ ነው፤ የሚቀመጠውም በዋናው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌሎቹ የሚያዩት መልኩን ብቻ ነው፤ መጻፍ ሲፈልጉም የፈለጉትን ይልካሉ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ የተጻፈውን መልክ መልሶ ይልክላቸዋል።

ይህን አሠራር ያቀለለው በ1984 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተፈጠረው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ፕሮግራሙና ስክሪኑ በመስመር የሚነጋገሩ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ፕሮግራሙ የሥዕል ትእዛዝ ይልካል፤ ስክሪኑም የተነካውን ፊደል ይመልሳል። ሁለት ወገን ባለበት ደግሞ በመካከል ደላላ ሊገባ ይችላል። ደላላው ለፕሮግራሙ አንድ ስክሪን መስሎ ይቀርባል፤ የተቀበለውን የሥዕል ትእዛዝ ግን ለሠላሳ ስክሪኖች እያባዛ ያድላል። ፕሮግራሙ ሠላሳ ሰዎች እንደሚያዩት ፈጽሞ አያውቅም። ሑሴን አብደል ዋሀብና ማርክ ፋይት በ1991 ዓ.ም. ኤክስ ቲ ቪ ብለው ያቀረቡት ሥራ እንዲህ ያለ ደላላ ነበር። በቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው የኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በፊቱ ኮምፒዩተር ያለው፣ ድምፅም ሥዕልም የጋራ ፕሮግራምም በአንድነት የሚገኝበት፣ ተማሪዎቹ ግን በተለያየ ቦታ የተቀመጡበት የመማሪያ ክፍል ሠርቷል።

የደላላው ጥቅም ግልጽ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ታስቦ የተሠራ ማንኛውም የሒሳብ ፕሮግራም አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት ለክፍሉ ሁሉ ይሆናል። መዝገቡም አንድ በመሆኑ ሁለት ዓይነት ድምር አይገኝም። ጉዳቱ ግን ርቀቱ በእያንዳንዷ ፊደል ላይ መቈጠሩ ነው። ድሬዳዋ ያለው ተማሪ ሰባት ቍጥርን ሲነካ ምልክቷ አዲስ አበባ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ በስክሪኑ ላይ ሰባትን አያይም፤ መስመሩ ሲዘገይ ሁለተኛ ይነካታል፤ ከዚያም ሰባት መሆን የሚገባው ሰባ ሰባት ሆኖ ይመጣል። ማእከሉ ላይ መብራት ከጠፋም ክፍሉ በሙሉ ይበተናል።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የነበረው የኦሊቬቲ የምርምር ቤት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ቀላል የሆነ መንገድ መርጦ በ1998 ዓ.ም. ለሕዝብ ገለጸው፤ ስሙም ቪ ኤን ሲ ይባላል። ይህ የሥዕል ትእዛዝ መላኩን ትቶ የስክሪኑን ነጥቦች ራሳቸውን ይልካል፤ ያውም የተለወጠውን ክፍል ብቻ። ትእዛዝ የማይገባው ስክሪን ሊኖር ይችላል፤ ነጥብ ማሳየት የማይችል ስክሪን ግን የለም። ስለዚህ የማንኛውም ፋብሪካ ኮምፒዩተር ከማንኛውም ጋር ለመሥራት ቻለ።

ቡና ላኪዎችን የሚያስደስት አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። ከቪ ኤን ሲ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኴንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር ቀደም ሲል በ1991 ዓ.ም. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ የቡናው ማፍያ ከብዙዎቹ ሠራተኞች ክፍል የራቀ ነበር፤ ደረጃ ወጥተው ሲደርሱም ባዶ ሆኖ ያገኙታል። በዚህ የተማረሩት ተመራማሪዎች በማፍያው ላይ ካሜራ ደገኑበትና ምስሉ በየሰው ስክሪን ጥግ በትንሽ መስኮት እንዲታይ አደረጉ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮም በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ታየ፤ በ2001 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ። የዓለም የመጀመሪያው የኢንተርኔት ካሜራ የተተከለው ቡና ተፈልቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር።

ነጥብ መላክ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በቍጥር ሊታይ ይችላል። ዛሬ የተለመደው ስክሪን ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ቢያስፈልግ አንዱ ሙሉ ገጽ ብቻውን 6,220,800 ባይት ይሆናል። በእርግጥ ፕሮግራሞቹ ይህን አጭቀው ይልኩታል፤ የተለወጠው አንድ የመዝገብ ሣጥን ብቻ ከሆነም ጭነቱ እጅግ ቀላል ነው። መምህሩ በስክሪኑ ላይ ፊልም የከፈተ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ነጥብ ስለሚለዋወጥ ነገሩ ይገለበጣል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ትምህርት በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይወስዳል። ይህ የአንዱ ተማሪ ሒሳብ ነው፤ በሞባይል ካርድ የሚማር ሰው ደግሞ እያንዳንዷን ሜጋባይት ይከፍልባታል።

ሁለተኛው አሠራር የቅርንጫፍ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ፕሮግራሙን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያኖራል፤ በመስመር የሚተላለፈው ሥዕሉ ሳይሆን የተሠራው ሥራ ብቻ ነው፤ «በሦስተኛው ሣጥን 450 ተጻፈ» እንደ ማለት። ይህ ጥቂት ባይት ብቻ የሚፈጅ መልእክት ነው። ተማሪው የነካውንም ወዲያው በገዛ ስክሪኑ ላይ ያየዋል። ሁሉም ቅርንጫፍ ከአንድ ዓይነት ባዶ መዝገብ ተነሥቶ አንድ ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ተራ ቢቀበል መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሆናል የሚል ተስፋ ነው መሠረቱ።

ተስፋው የሚፈርሰው ፕሮግራሙ ከራሱ ውጪ ያለን ነገር ሲጠይቅ ነው። የኮምፒዩተሩን ሰዓት የሚያነብ ከሆነ ሠላሳው ኮምፒዩተር ሠላሳ ሰዓት ይነግረዋል። የዕለቱን ምንዛሪ ከአንድ ፋይል የሚያመጣ ከሆነም የአንዱ ፋይል የትናንት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ፕሮግራሙ ወደ ውጭ አንድ ነገር እንዲያደርግ የታዘዘ እንደ ሆነ ነው። መምህሩ የዕቃ ማዘዣ ደብዳቤ አጻጻፍን ሲያስተምር «ላክ» የሚለውን ቢነካ፣ ትእዛዙ በሁሉም ዘንድ ስለሚፈጸም ለአቅራቢው አንድ ሳይሆን ሠላሳ ማዘዣ ይደርሰዋል። ዘግይቶ የገባ ተማሪም ሌላ ችግር ነው። በማእከላዊው አሠራር አንድ ሙሉ ሥዕል ቢላክለት ይበቃዋል፤ በቅርንጫፉ ግን ከጧት ጀምሮ የተሠራው ሁሉ በተራ ይደገምለታል፤ ወይም የአንዱ ጓደኛው መዝገብ እንዳለ ይገለበጥለታል።

ሠሪዎቹን ለብዙ ዓመታት ያደከማቸው ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት መጻፋቸው ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ገጽ ላይ ሲዳማ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረር፣ ጅማ፣ ነቀምቴ ተብሎ አምስት ዓይነት ቡና ተመዝግቧል እንበል። ድሬዳዋ ያለው ተማሪ በሦስተኛው መስመር ላይ ሊሙን ጨመረ። በዚያችው ቅጽበት አዲስ አበባ ያለው መምህር አምስተኛውን መስመር ማለትም ነቀምቴን ሰረዘ። የመምህሩ ትእዛዝ ድሬዳዋ ሲደርስ በዚያ አምስተኛው መስመር ነቀምቴ መሆኑ ቀርቶ ጅማ ሆኗል፤ ስለዚህ የሚሰረዘው ጅማ ነው። አዲስ አበባ ጅማን ይዛ ነቀምቴን ስታጣ፣ ድሬዳዋ ነቀምቴን ይዛ ጅማን ታጣለች። ሁለቱም ገጾች አምስት አምስት መስመር አላቸው፤ ስክሪናቸውን እያዩ ሲነጋገሩም ሁለቱ ሰዎች አንድ ገጽ የሚያዩ ይመስላቸዋል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተት መኖሩን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም።

ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ በ1989 ዓ.ም. ለዚህ መድኃኒት አቀረቡ። (ኤሊስ በ1969 ዓ.ም. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።) ሐሳባቸው እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲደርስ በመካከሉ የተደረገው ለውጥ ታይቶ እንዲታረም ነው፤ ከላይ መስመር ስለ ተጨመረ «አምስተኛው» የተባለው «ስድስተኛው» ተብሎ ይነበባል። ቀመሩ ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን ከባድ ነው፤ ኋላም ሌሎች ሊቃውንት በመጀመሪያው ቀመር ውስጥ ጉድለት አግኝተው አርመውታል። በጉግል ሰነዶች ብዙ ሕዝብ አብሮ መጻፍ የለመደው በዚህ ዘር በተወለደ አሠራር ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ግልጽ አደረጉ። በዚህ መንገድ መስመሩ በተራ ቍጥሩ አይጠራም፤ ሲወለድ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል፤ በከረጢት ላይ እንደሚጻፍ የጭነት ምልክት። ከረጢቱ በመጋዘኑ ውስጥ ከቦታ ቦታ ቢዛወር ምልክቱ አይለወጥም። ከዚህም የተነሣ መስመር የተቋረጠበት ተማሪ ብቻውን መሥራቱን ቀጥሎ፣ መስመሩ ሲመለስ ሥራው ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል።

ይህ ሁሉ ግን የመዝገቡን ገጾች አንድ ያደርጋል እንጂ እውነተኛ አያደርግም። ሁለት ሰዎች የአንዱን ዕቃ ዋጋ አንዱ 450፣ ሌላው 540 ብለው ቢጽፉ፣ ፕሮግራሙ ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ቍጥር እንዲታይ ያደርጋል፤ ትክክለኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ በሒሳብ ትምህርት ብዕሩን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት እስከ ዛሬ አልቀረም። ተማሪው እጁን ያወጣል፤ መምህሩ ይፈቅድለታል፤ ጨርሶ ይመልሳል። በዚህ ደንብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ብዕሩን የያዘው ሰው መስመር ሲቋረጥበት ነው። ብዕሩን ይዞ ጠፍቷል፤ ክፍሉም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በጥንቃቄ የተሠራ ሥርዓት ለዚህ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ ብዕሩ ወደ መምህሩ በራሱ ይመለሳል።

የማከፋፈሉም ነገር እንዲሁ ነው። ሠላሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከእያንዳንዳቸው ጋር በቀጥታ ቢገናኙ 435 ግንኙነቶች ይሆናሉ፤ መምህሩም ስክሪኑን 29 ጊዜ አባዝቶ ለመላክ ይገደዳል፤ የአንድ ቤት መስመር ደግሞ ይህን አይችለውም። ስለዚህ በመካከል አከፋፋይ ኮምፒዩተር ይቆማል፤ መምህሩ ለእርሱ አንድ ጊዜ ይልካል፤ እርሱም ለ29ኙ ያድላል። ይህ ጅምላ ነጋዴው ለችርቻሮው የሚሠራው ሥራ ነው። አከፋፋዩ የቆመው ሩቅ ክፍለ ዓለም ከሆነ ግን ሁለቱም አዲስ አበባ ያሉ መምህርና ተማሪ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

በዚህ ንግድ ውስጥ የሞቱ ዕቃዎችም ብዙ ናቸው። ማይክሮሶፍት በ1996 ዓ.ም. ያወጣው ኔትሚቲንግ በዘመኑ ፕሮግራምን በጋራ ለመሥራት የታወቀ መሣሪያ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ግን ቦታውን ለቀቀ። ብዙ የርቀት መማሪያ ክፍሎች የተሠሩበት ፍላሽ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በ2020 ዓ.ም. ዲሴምበር 31 ቀን ድጋፉ በይፋ አበቃ፤ ትምህርቱን በፍላሽ ብቻ ያዘጋጀ ተቋም ያለው ሀብት በአንድ ቀን የማይከፈት ሣጥን ሆነበት። በኦታዋ ከተማ በካርልተን ዩኒቨርሲቲ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውና ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ በራሱ ኮምፒዩተር ሊተክለው የሚችለው ቢግ ብሉ በተን የተባለው የመማሪያ ክፍል ግን ከፍላሽ ወጥቶ ወደ ድረ ገጽ መክፈቻው የራሱ ቋንቋ ተዛውሮ ተርፏል። ዛሬ ድምፅን፣ ሥዕልንና ስክሪንን በድረ ገጽ መክፈቻ በኩል የሚያስተላልፈው ዌብ አር ቲ ሲ የተባለው ደንብ በ2011 ዓ.ም. ተገልጾ በጃንዋሪ 2021 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ ጸድቋል። ደንቡ የአንድ ኩባንያ ንብረት አለመሆኑ ለገዢው ትልቅ ነገር ነው።

በኢትዮጵያም ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በህንድ መንግሥት ርዳታ በተጀመረው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሙከራ ሥራ የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከህንድ ጋር ተገናኝተው የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት በርቀት ተሰጥቷል። በማርች 2020 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም በየቤቱ የተቀመጠው ተማሪ የርቀት ትምህርትን ጥቅምና ችግር አንድ ላይ አይቶታል።

አሁን ወደ ገዢው ነጋዴ እንመለስ። ሻጩ በገዛ ቢሮው፣ በገዛ ፈጣን መስመሩ የሚያሳየው ትርኢት ሁልጊዜ ያማረ ነው። ገዢው ግን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። የሚተላለፈው ነጥብ ነው ወይስ ትእዛዝ? ይህ የወር የኢንተርኔት ሒሳቡን ይወስናል። አከፋፋዩ ኮምፒዩተር የቆመው የት አገር ነው? የተማሪዎቹ ሥራ በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጣል፤ ውሉ ቢፈርስስ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ይከፈታል? ሌላም አለ፤ ሙሉ ስክሪኑን ለክፍሉ የከፈተ የሒሳብ ሹም ከመማሪያው መዝገብ ጎን የተከፈተውን የአቅራቢዎች ዋጋ ዝርዝር ወይም የሠራተኞች ደመወዝ ለሠላሳ ሰው አሳይቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድን መስኮት ብቻ ለይቶ ማሳየት የሚቻል መሆኑን አይቶ ማረጋገጥ፣ ሹሙንም አስቀድሞ ማስለመድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ትርኢቱ በመካከሉ ላይ ሳለ፣ ብዕሩን የያዘው ተማሪ ሆኖ የተቀመጠው ሰው የኮምፒዩተሩን የኢንተርኔት ገመድ እንዲነቅል ማድረግ ይጠቅማል። ሦስት ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ብዕሩ ወደ መምህሩ ተመለሰ? የቀሩት ሥራቸውን ቀጠሉ? ገመዱ ሲመለስስ ተማሪው የጻፈው መስመር በቦታው አለ? ሻጩ ይህ እንዲደረግ ካልፈቀደ የውሉ ወረቀት ሳይፈረም ቢቆይ ይሻላል።